የተመልካች እንባና ዕዳው

ሰው የባልንጀራውን መከራ በሲኒማ መጋረጃ ላይ አይቶ ቢያለቅስ፥ ያ እንባ ደግነት ይባላልን? የአፍሪቃው ሊቅ አውግስጢኖስ በኑዛዜ መጽሐፉ ስለ ቴያትር ይህንኑ መርምሯል፤ በዚያ ተመልካቹ እንዲያዝን ይጋበዛል እንጂ ተነሥቶ እንዲረዳ አይጠየቅም፤ ስለዚህ ኀዘኑ ራሱ ደስታ ይሆንለታል ብሎ ነቀፈ። በአዲስ አበባም የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር። ነገር ግን የሚሻለው ጥያቄ፥ ከዚያ ቤት የሚወጣው ሰው ምን ሆኖ ይወጣል የሚለው ነው።

የዓድዋ ጦርነት በሆነበት በ1888 ዓ.ም. ሉሚዬር የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማች ባቡር ወደ ጣቢያ ሲገባ የሚያሳይ፥ አንድ ደቂቃ ያህል የሚቆይ ፊልም አሳዩ። የባቡር ሐዲድ ባቋቋማት በአዋሽ ሰባት ኪሎ የኖረ ሰው ይህን ቢያይ፥ የመንገደኛውን መውረድና የተቀባዩን ጥድፊያ እንደ ገዛ ጣቢያው ያውቀዋል። ፊልሙ ያማረ ነው፤ ዳሩ ግን ከተመልካቹ መደነቅን ብቻ ይሻል።

ኢጣልያዊው ዴ ሲካ በ1941 ዓ.ም. ያወጣው «የብስክሌት ሌቦች» ከዚህ ይበልጣል። የሮማው ድሀ እንጀራ የሚበላበትን ብስክሌት ተሰረቀ፤ ከልጁ ጋር ፈልጎ ባጣው ጊዜ እርሱም የሌላውን ሰርቆ ተያዘ፤ ልጁም የአባቱን ውርደት አየ። ተመልካቹ በሌባ ላይ ሊፈርድ ተቀምጦ ሳለ፥ ሌባው ያው ያዘነለት ሰው ሆኖ ያገኘዋል።

የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»፥ በ1968 ዓ.ም. የታየው፥ የገባርን ቤተ ሰብ ድካም ሳያሳጥር ያሳያል። ባለርስቱ ተቀምጦ ሲያዝዝ ገበሬው ያርሳል። አንዳንዱ ዝግታውን ይነቅፋል፤ ነገር ግን የጭሰኛው ቀን ያጠረ አልነበረምና ዝግታው እውነት ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን እንግሊዛዊው ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኀብ የሠራው ፊልም ታሪክ ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በታየ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ለእርዳታ ተዋጣ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ድግስ በመካከሉ ገብቶበት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ኅዳር 14 ቀን ስድሳ ያህል ሹማምንትና መኳንንት ያለ ፍርድ ተገደሉ። የረኀብተኛው ሥዕል ያው ሳለ፥ በአንዱ ስፍራ ምጽዋትን፥ በሌላው ቍጣን አስነሣ። ቍጣው ምክንያት አልነበረውም አይባልም፤ ሆኖም የተራበን ሰው ማየት ብቻውን ፍርድን አያስተምርም።

በዚያው ዘመን በአዋሽ ሸለቆ የአፋር ከብት አርቢ ሕዝብ ብዙ ነፍስና ከብት አጥቷል። የጎዳውም ድርቅ ብቻ አይደለም፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው የጥጥ እርሻ በድርቅ ጊዜ የሚሸሽበትን የወንዝ ዳር ግጦሽ ይዞበት ነበርና። የሞተውን ላም ካሜራ ባንድ ጊዜ ያሳያል፤ የተዘጋውን ግጦሽ ግን መርምሮ የሚጠይቅ ሰው ካልሆነ አያገኘውም።

እንግዲህ እንባ ነቀፋ የለበትም፤ ሆኖም የዕዳ መጀመሪያ እንጂ ክፍያ አይደለም። ፊልምም የሚመሰገነው ባስለቀሰው ሕዝብ ብዛት ሳይሆን፥ ተመልካቹ ከወጣ በኋላ «ይህ ሰው ስለ ምን ተራበ? እኔስ ከዚያ ምን ድርሻ አለኝ?» ብሎ እንዲጠይቅ ሲያደርገው ነው።