ፍጥረት ያለ ፈጣሪ ይቆማልን?

ወጣቶች «ሳይንስ የዓለምን አጀማመር ካስረዳ ፈጣሪ ለምን ያስፈልጋል?» ብለው ሲጠይቁ አትቆጡአቸው። እ.ኤ.አ. በ1927 ዓለም እየሰፋ መሄዱን ያስረዱት ቤልጂየማዊው ካህን አባ ዦርዥ ለሜትር ግኝታቸውን የእምነት ማስረጃ አላደረጉትም። ቅዱስ ቶማስ አኲናስም ዓለም መጀመሪያ ባይኖረው እንኳ ፈጣሪ እንደሚያስፈልገው አስተምሯል።

ሳይንስ ያለው ነገር እንዴት እንደሚለወጥ ይመረምራል፤ የእኛ ጥያቄ ግን «ስለ ምን አንዳች ነገር ኖረ?» የሚል ነው። ዓለም የመኖር ግዴታ አልነበረበትም፤ መኖርን በስጦታ ተቀበለ። ሳይገደድ የሰጠ ወዶ ሰጠ፤ ወዶ የሚሰጥም የሚሰጠውን ያውቃል። የማያውቅ ኃይል ጸሎት አይሰማም፤ እኛ አባታችን ብለን የምንጠራው ግን የሚያውቀንን ነው። ለእርሱ ክብር ይሁን፤ አሜን።