የጉድጓዱ ሐሪም የት ደረሰ?



በጁሙዓ ኹጥባዎቻችን ውሃ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ከማባከን ጋር ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ፣ በአንድ ሷዕ ገላቸውን ይታጠቡ እንደነበር እንሰማለን። መሰማት ያለበት ነው። ነገር ግን ውሃው ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ከመግባቱ በፊት የት ነበር? በማንስ ተጠበቀ? ስለዚህ የሚነግረን ኢማም ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን ከመኝታ በፊት ሱረቱል ሙልክን እንቀራለን፤ ሱራዋ የምትዘጋው ወደ ምድር ስለሚሰርግ ውሃ በቀረበ ጥያቄ መሆኑን ግን ስንቶቻችን አስተውለናል?

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ ሳይንስ ዛሬ የደረሰበት ነገር ለእኛ አስቀድሞ ተነግሮናል ብለው ደረታቸውን ይነፋሉ። አስቀድሞ ከተነገረን ተጠያቂነቱ የሚበረታው በእኛ ላይ አይደለምን?

ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር በኩል ጨነቅ የደረሰ ሰው የስሜንን ገደል አይቶ ይደነቃል። ገደሉ በጥንት ዘመን እየፈሰሰ በላይ በላዩ የተነባበረ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የክረምቱ ዝናብ ሣርና አፈር ካገኘ ቀስ ብሎ ይሰርጋል፤ በድንጋዩ ስንጥቅ ይወርዳል፤ የማያሳልፍ ንብርብር ሲገጥመው ወደ ጎን ሄዶ ከገደሉ ሥር ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ሣሩ ከተጋጠ፣ አፈሩም ከታጠበ ያው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ወደ ተከዜ ይነጉዳል፤ ምንጩም በበጋ ይነጥፋል። ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሐንስ ሁርኒ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፓርኩ ኃላፊ ሆኖ በሠራበት ዘመን የስሜንን አፈር መታጠብ ያጠናው በዚሁ ምድር ላይ ነበር።

በዚሁ ፓርክ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች በአብዛኛው ሙስሊም ወገኖቻችን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። በዓመቱ ዩኔስኮ ፓርኩን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አወጣው፤ የተጋጠው ሣርም ማገገም ጀመረ። ለምንጮቹ መልካም ነው። የአያት የቅድመ አያት ቀዬን መልቀቅ ግን ቀላል ነገር አይደለም፤ ተራራው አገገመ ብለን ስናመሰግን የለቀቁለትን ሰዎች መርሳት ተገቢ አይሆንም። ደግሞም ከተራራ ምንጭ ይቀዳ የነበረ ሰው ከተማ ሲገባ ሌላ ችግር ይጠብቀዋል። በየትኛውም ጥቅጥቅ ያለ ሰፈር ጉድጓድና ሽንት ቤት አጥር ለአጥር ይጎራበታሉ። አፈር ያጣራል፤ የተሰነጠቀ ድንጋይ ግን የገባበትን ሁሉ ሳያጣራ ያሳልፋል።

ለዚህ ፊቅሃችን ስም አለው፤ ሐሪሙል ቢእር ይባላል። በጉድጓድ ዙሪያ ሌላ ሰው የማይቆፍርበት፣ የማይሠራበት ክልል ማለት ነው። ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ ልኩ 40 ክንድ፣ በሜትር 20 ገደማ ነው። ኢማሙ ማሊክ ግን የተወሰነ ቁጥር አላስቀመጡም፤ መሬቱ ጠንካራ ወይም ልል እንደሆነ ይታያል፣ ዋናው ጉድጓዱ እንዳይጎዳ ነው ባይ ናቸው። በእርሳቸው መዝሀብ የጎረቤትን ጉድጓድ የሚጎዳ ሽንት ቤት መቆፈር ይከለከላል። እ.ኤ.አ. በ1017 ገደማ ስለተደበቁ ውሃዎች አወጣጥ መጽሐፍ የጻፈው አል-ከረጂም የሒሳብ ሊቅ ሆኖ ሳለ ስለ ሐሪም ጽፏል። የዛሬ ባለሙያዎች ሽንት ቤት ከጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ ይላሉ፤ ድንጋዩ ስንጥቅ ከሆነ ይህም ላይበቃ ይችላል። የጥንቱ 40 ክንድ በዋናነት ለመጠጥ የመጡ ከብቶች ማረፊያ እንጂ ለጀርም የተለካ አልነበረም። ስለዚህ የኢማሙ ማሊክን አካሄድ ይዘን መሬቱን የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ይገባናል።

መሬቱን የሚያውቁ ሰዎች ደግሞ በአገራችን አሉ። ዶክተር ሰይፉ ከበደ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአባይ መነሻ አካባቢ ያለውን የከርሰ ምድር ውሃ በአይሶቶፕ መርምረዋል፤ ውሃው ከየት እንደገባና በምድር ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር የሚታወቀው በዚህ ዓይነት ዘዴ ነው። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን የዳንግላው ሥራ ነው። ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዳንጌሸታ ቀበሌ ነዋሪዎች ከኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ዝናቡን፣ ወንዙንና የጉድጓዳቸውን ውሃ ከፍታ እየለኩ መዝግበዋል። ተመራማሪዎቹ መዝገቡን ከሌሎች መረጃዎች ጋር አስተያይተው በ2016 ባሳተሙት ጥናት ለሳይንስ የሚበቃ ሆኖ አግኝተውታል። ገበሬው ለካ፣ ምሁሩ አመነው!

ወደ እኛ እንመለስ። ዑስማን (ረ.ዐ.) የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሙስሊሞች እንደሰጡ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለሰደቀቱል ጃሪያ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ባለሀብት ሁሉ የሚያስበው እርሳቸውን ነው። አላህ ይቀበላቸው። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መስጊድ ግን እንዲህ ዓይነቱን ጉድጓድ አይቻለሁ፤ ከውዱእ ማድረጊያውና ከሽንት ቤቱ በእርምጃ የሚቆጠር ርቀት ላይ ነው። የለጋሹ ስም በእብነ በረድ ተቀርጿል። ጥልቀቱን ስጠይቅ የሚያውቅ አልተገኘም። በሚያዝያ ውሃው ምን ያህል እንደሚወርድም እንዲሁ። ምንዳው የሚፈሰው ጉድጓዱ እስካለና እስከጠቀመ ድረስ ከሆነ፣ ሕፃን የሚያስቀምጥ ውሃ ምን ሊባል ነው? ፈትዋውን ለዑለማዎቻችን እተዋለሁ።

ለመስጊድ ኮሚቴዎች ግን አንድ ሐሳብ አለኝ። ከመቆፈሩ በፊት የወረዳውን ውሃ ጽሕፈት ቤት አማክሩ፤ ሽንት ቤቱን ከጉድጓዱ በታች፣ ተዳፋቱን ተከትላችሁ አርቁት። ከተቆፈረ በኋላ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ገመድና አንድ ደብተር አዘጋጁ። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ለክቶ ይጻፍ። ዓመት ሲሞላው ደብተሩን ይዛችሁ ባለሙያ ዘንድ ሂዱ፤ ከእብነ በረዱ ይልቅ እርሱን ነው የሚያነበው።