ከታማሚው አትቅደሙ

ልጆቼ፣ ጥር ሊያልቅ ሲል የዓለም የካንሰር ቀን ይከበራል፤ የጡት ካንሰር ወር ደግሞ መስከረምንና ጥቅምትን ይዞ ይመጣል። በእነዚህ ሰሞናት አዲስ አበባ ላይ የእግር ጉዞ ሲጠራ ካኒቴራውን ገዝታችሁ፣ ጓደኛ አስከትላችሁ፣ እሑድ ማለዳ ስትወጡ ደስ ይለኛል። ውጡ። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፤ መንገድ ላይ ከታማሚው አትቅደሙ።

ወጣት ሲሰበሰብ እግሩ ይፈጥናል፤ ጭፈራው ይደምቅና ነገሩ ታላቁ ሩጫን ይመስላል። ከኋላ ግን ኬሞ ከጨረሰች ጥቂት ወራት የሆናት ሴት አለች። እንዲህ ያለች አንዲት ሴት አይቻለሁ። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ተከናንባለች፤ ፀጉሯ ገና መብቀሉ ነው። አንዳንዱ የኬሞ መድኃኒት የእግር ጣት ያደነዝዛል፤ ስለዚህ አስፋልቱን እያየች፣ መርገጧን በዓይኗ እያረጋገጠች ነበር የምትራመደው። ትንሽ ሄድ ትልና የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ልጇ ውኃ ትሰጣታለች፤ ትነሳለች። አንድ የማታውቀው ወጣት ከፊት ተመልሶ መጣና ክንዱን ሰጣት። ስለ በሽታዋ አልጠየቃትም። አገሯ የት እንደሆነ ጠየቃት፤ እሷም ስለ አገሯ ስታወራ መድረኩ ጋ ደረሱ። ንግግሩ አልቆ ድምፅ ማጉያው እየተነቀለ ነበር። እንደዚያ ልጅ ሁኑልኝ።

እዚያ አደባባይ ለመቆም ምን እንዳለፈች አስቡት። በእኛ አገር ካንሰር የገባበት ቤት በሹክሹክታ ይሞላል። ውጤቱ ለታማሚዋ ሳይነገር ለወንድሟ ይነገራል፤ ጎረቤት ሲጠይቅ «ጨጓራዋን አሟት ነው» ይባላል። ይህን ሁሉ አልፋ የወጣችን ሰው «ሐኪሞቹ ምን ያህል ትኖሪያለሽ አሉሽ?» ብላችሁ አትጠይቋት። «እገሌ ቅጠል ጠጥቶ ድኗል» የሚል ወሬም አታቀብሏት፤ በእንዲህ ያለ ወሬ ቀጠሮውን ትቶ፣ ሕመሙ ከተሰራጨ በኋላ ወደ ሐኪም የሚመለስ ሰው አለ። ፎቶዋን አንስታችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት አስፈቅዷት፤ መታመሟን ያልነገረቻቸው ዘመዶች ይኖሯት ይሆናል።

መዋጮ ሲጠየቅ «የእኔ መቶ ብር ምን ትፈይዳለች?» የሚል ወጣት ሲያጋጥመኝ የካናዳዊውን የቴሪ ፎክስን ታሪክ እነግረዋለሁ። ቀኝ እግሩ በአጥንት ካንሰር ምክንያት ሲቆረጥ 18 ዓመቱ ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ.፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ ካንሰርን ለመዋጋት ገንዘብ ሊያሰባስብ፣ በሰው ሠራሽ እግር ሰፊ አገሩን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ለማቋረጥ መሮጥ ጀመረ፤ በየቀኑ 42 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አንድ ሙሉ ማራቶን ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ዞር ብሎ ያየው ጥቂት ነበር። ፖርት ኦ ባስክ የተባለች፣ 10,000 ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ ግን ከ10,000 ዶላር በላይ አዋጣችለት። ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ አንድ ዶላር የመሰብሰብ ሐሳብ የጸናው ያኔ ነው። ካንሰሩ ሳንባው ውስጥ ገብቶ 5,373 ኪሎ ሜትር ላይ አስቆመው፤ በቀጣዩ ዓመት በ22 ዓመቱ ዐረፈ። ከመሞቱ በፊት ግን የተዋጣው ገንዘብ ከ24 ሚሊዮን ዶላር አልፎ ነበር፤ የዚያን ጊዜ የካናዳ ሕዝብም ያን ያህል ነበር።

በእኛም አገር ማቲዎስ ወንዱ የሚባል ሕፃን በአራት ዓመቱ በደም ካንሰር ሞቷል። ወላጆቹ ሐዘናቸውን ይዘው ቤት አልተቀመጡም፤ በ1996 ዓ.ም. በስሙ የካንሰር ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ከክልል ለሕክምና የሚመጡ ታማሚዎችን ማስጠለል ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የጨረር ሕክምና በአገሪቱ ለብዙ ዓመታት የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ አሁን በክልል መከፈት ጀምሯል። ጨረር በአንድ ቀን የሚያበቃ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለሳምንታት ይሰጣል። ከባሌ ወይም ከወለጋ የመጣ ገበሬ ከነአስታማሚው የት ይደር? በሬውን ሸጦ የያዘው ብር ሕክምናው ሳይጀመር በአልጋ፣ በምግብና በታክሲ ያልቅበታል። ስለዚህ ስታዋጡ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ጠይቁ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። የሚጠይቅ ሰው ሲበዛ በእውነት የሚሠሩት ይጠቀማሉ።

ካኒቴራውን አውልቃችሁ ቤት ስትገቡ ደግሞ እናታችሁን አነጋግሩ። ጡት ላይ የሚወጣ እብጠት መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ሴቶቻችን «ስላላመመኝ ዝም አልኩ» የሚሉት ለዚህ ነው። ጠንከር ያለ ነገር ከዳሰሰች፣ ቆዳው ከተጨማደደ፣ ከጫፉ ደም ከወጣ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ይዛችኋት ሂዱ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች አክስት ወይም እህት ካለቻችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳ የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ ታድርግ፤ ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚወስደው። ታናሽ እህት ያላችሁም አስቡበት፤ ይህንን ካንሰር የሚከላከለው ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። በትምህርት ቤት የክትባት ቀን ወሬ ሰምታ እንዳትቀር አስረዷት።

አንድ ነገር ልጨምር። ኬሞ ደም ያሳንሳል፤ የደም ካንሰር ያለበት ሕፃን ደግሞ ደጋግሞ ደም ያስፈልገዋል። 18 ዓመት የሞላችሁና ጤነኛ የሆናችሁ በየሦስት ወሩ መለገስ ትችላላችሁ። ተማሪው ለዕረፍት በሚበተንበት ክረምት ለጋሽ ይሳሳል፤ አብራችሁ የተጓዛችሁትን ጓደኞቻችሁን ያኔ ጥሯቸውና ወደ ደም ባንክ ይዛችኋቸው ሂዱ።