ከሥራ በፊት የሚደረግ የኅሊና ምርመራ፤ በአንታርክቲካ ስለሚካሄደው ሳይንሳዊ ምርምር

ጎረቤት ባለበት ስፍራ ጉዳት ቢደርስ ጎረቤት ይከስሳል፤ ባለ ርስት ባለበት ስፍራ ባለ ርስቱ ይሟገታል። ከሳሽም ተሟጋችም በሌለበት ምድርስ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት የሚጠየቀው በማን ፊት ነው? ይህን ጥያቄ የምናነሣው ለክርክር ያህል ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ ምድር በእርግጥ አለ።

ይህም በደቡብ ዋልታ ዙሪያ የሚገኘው አንታርክቲካ የተባለው አህጉር ነው። ስፋቱ 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከጥቂት ክፍሉ በቀር በበረዶ የተሸፈነ ነው። ተወላጅ ሕዝብ የለውም፤ በዚያ የሚቀመጡት በየተራ የሚመላለሱ ተመራማሪዎችና ረዳቶቻቸው ናቸው። በ1959 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) 12 አገሮች በዋሽንግተን ውል ተፈራርመው፣ አህጉሩ ለሰላማዊ ተግባር ብቻ እንዲውልና ሳይንሳዊ ምርምር በነጻነት እንዲካሄድበት ተስማሙ።

ምርምሩ ብዙ መልካም ፍሬ አስገኝቷል። በ1985 ጆሴፍ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን የተባሉ ብሪታንያውያን ተመራማሪዎች፣ ሃሊ በተባለው ጣቢያ ለብዙ ዓመታት በተሰበሰበ ልኬት ተመርኩዘው፣ ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደው የኦዞን ሽፋን በዚያ ሰማይ በየጸደዩ ክፉኛ እንደሚሳሳ ገለጡ። ከ2 ዓመት በኋላም ሽፋኑን የሚያጠፉ ኬሚካሎችን የሚቆጣጠረው የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ስለዚህ «ማንም ወደዚያ አይሂድ» ብሎ ነገሩን መዝጋት አይቻልም። ባለማወቅም ጉዳት ይደርሳልና።

ይሁን እንጂ መልካም ዓላማ ይዞ የሄደ ሁሉ መልካም ሥራ ብቻ ሠርቶ አልተመለሰም። የአሜሪካ ትልቅ ጣቢያ በሆነው በማክመርዶ፣ ቆሻሻ በባሕሩ በረዶ ላይ እየተከመረ፣ በረዶው ሲቀልጥ ወደ ባሕር እንዲሰምጥ ይደረግ የነበረበት ዘመን ነበር። በዚያው ጣቢያ ከ1962 እስከ 1972 የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሲሠራ ቆይቶ ከተዘጋ በኋላ፣ የተበከለው አፈር ተዝቆ በመርከብ ወደ አሜሪካ መጋዝ ነበረበት። ፈረንሳይ ደግሞ ዱሞን ዱርቪል ለተባለው ጣቢያዋ የአውሮፕላን ማረፊያ ለመሥራት በ1980ዎቹ ፔንግዊኖችና ሌሎች የባሕር ወፎች የሚራቡባቸውን ትናንሽ ደሴቶች በፈንጂ ደለደለች። ማረፊያው በ1993 ተጠናቀቀ፤ በጥር 1994 ግን ኃይለኛ ማዕበል መታው፤ ከዚያም ተተወ። ደሴቶቹ ጠፉ፤ ማረፊያውም ለታሰበለት አገልግሎት አልዋለም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚባለው ለዚህ ነው።

አገሮቹ በጥቅምት ወር 1991 በማድሪድ የአካባቢ ጥበቃ ፕሮቶኮል ተፈራረሙ፤ በ1998ም በሥራ ላይ ዋለ። ፕሮቶኮሉ ከሳይንሳዊ ምርምር በቀር ከማዕድን ጋር የተያያዘ ማናቸውንም ተግባር ከለከለ። ለሳይንሱም ቢሆን ሥራው ከመጀመሩ በፊት በአካባቢው ላይ የሚያስከትለው ጉዳት እንዲገመገም አዘዘ። መለኪያው «አነስተኛ ወይም ጊዜያዊ» የሚለው ሐረግ ነው። ጉዳቱ ከዚህ ያነሰ ከሆነ ሥራው ይቀጥላል፤ ይህን ያህል ሊሆን ይችላል ከተባለ የመጀመሪያ ደረጃ ግምገማ ይጻፋል፤ ከዚህ የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ግምገማ ተዘጋጅቶ ረቂቁ ለሕዝብ ይገለጣል፤ ሌሎች አገሮችም አስተያየት እንዲሰጡበት 90 ቀን ይፈቀዳል።

ከሙሉው ግምገማ ግዴታዎች መካከል ሁለቱ በተለይ ልናስተውላቸው የሚገቡ ናቸው። አንደኛው፣ ሥራውን ያቀደው ወገን ሌሎች አማራጮችን ሲዘረዝር ሥራውን ፈጽሞ ያለመሥራትን አማራጭ ጭምር እንዲመረምር መታዘዙ ነው። ሁለተኛው፣ የዕውቀቱን ጉድለትና እርግጠኛ ያልሆነበትን ነገር ለይቶ እንዲጽፍ መታዘዙ ነው። የኅሊና ምርመራን አብዛኛውን ጊዜ የምናደርገው ጥፋት ከተፈጸመ በኋላ ነው። ይህ ሕግ ግን ምርመራው ከሥራው እንዲቀድም፣ «ባላደርገውስ?» የሚለው ጥያቄና «ይህን አላውቅም» የሚለው ኑዛዜ በጽሑፍ እንዲሰፍሩ ይጠይቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ከባድ ችግር ይገጥመናል። ግምገማውን የሚያዘጋጀው ሥራውን ሊሠራ ያሰበው አገር ራሱ ነው። ሌሎች ይመክራሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይተቻሉ፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የባለ ጉዳዩ ነው። አበው «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እንዳሉት፣ ሰው ጥቅሙን ሲቈርስ ያተልቃል፤ ጥፋቱን ሲመዝን ደግሞ ያሳንሳል። «አነስተኛ» የሚለው ቃል እንደ መዛኙ እጅ ይሳባል፣ ያጥራል። ከዚህም በላይ፣ አንዱ ብቻውን ሲታይ አነስተኛ የሆነው ከሌላው ጋር ሲደመር አነስተኛ ላይሆን ይችላል። በኪንግ ጆርጅ ደሴት በሚገኘው ፊልድስ በተባለው ጠባብ ባሕረ ገብ መሬት ላይ የቺሊ፣ የሩሲያ፣ የቻይናና የኡራጓይ ጣቢያዎች ተቀራርበው ተተክለዋል። የእያንዳንዱን ጢስና ፍሳሽ ለየብቻ የሚመዝን ሰው ምድሪቱ የተሸከመችውን ጠቅላላ ሸክም አያይም።

ታዲያ ግምገማው ከንቱ ወረቀት ነውን? አይደለም። ቮስቶክ በተባለው የሩሲያ ጣቢያ ሥር፣ ከ3,700 ሜትር በላይ ውፍረት ካለው በረዶ በታች፣ ለሚሊዮኖች ዓመታት ከአየርና ከብርሃን ተለይቶ የኖረ ታላቅ ሐይቅ አለ። ተመራማሪዎች ወደ እርሱ የሚወርደውን ጉድጓድ ሲቆፍሩ፣ በረዶው ተመልሶ እንዳይዘጋው ኬሮሲንና ፍሪዮን ሞልተውበት ነበር። ቁፋሮው 3,623 ሜትር በደረሰ ጊዜ፣ ወደ ውሃው 130 ሜትር ያህል ሲቀረው፣ በ1998 እንዲቆም ተደረገ። የሚፈራውም፣ ሊያውቁት የጓጉለትን ውሃ በማወቂያው መሣሪያ እንዳይበክሉት ነበር። ሩሲያ የሙሉውን ግምገማ ረቂቅ ለሌሎች አገሮች አቀረበች፤ ቁፋሮው ከዓመታት በኋላ ቀጥሎ በየካቲት ወር 2012 ሐይቁ ተነካ። ውሃው በግፊቱ ወደ ጉድጓዱ ወጥቶ ረጋ፤ ይሁን እንጂ መጀመሪያ የተገኘው ናሙና በቁፋሮው ፈሳሽ የተነካ በመሆኑ ብዙ ጥርጣሬ አስነሣ። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካውያን ዊላንስ ወደተባለ ሌላ ሐይቅ ሲወርዱ ግን ተጣርቶ በጨረር በጸዳ ሙቅ ውሃ በረዶውን እያቀለጡ ነበር። በጨለማው ውሃም ሕያዋን ረቂቅ ነፍሳትን ማግኘታቸውን በ2014 አስታወቁ። ስለዚህ መጠንቀቅ የዕውቀት ጠላት አይደለም። ያልተጠነቀቀ መርማሪ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ የገዛ እጁን አሻራ ነውና።

«ባንሠራውስ?» የሚለው ጥያቄም አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ መልስ ያገኛል። አውስትራሊያ ዴቪስ በተባለው ጣቢያዋ 2.7 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የኮንክሪት አውሮፕላን ማረፊያ ልትሠራ አቅዳ ነበር። ዓላማውም ተመራማሪዎች በማናቸውም ወቅት እንዲመላለሱ ማስቻል ነበር። በኅዳር ወር 2021 ግን መንግሥቷ፣ በአካባቢው ላይ የሚደርሰውን ጉዳትና ወጪውን መዝኖ ዕቅዱን እንደተወ አስታወቀ። ወጪው ከውሳኔው ምክንያቶች አንዱ መሆኑን አንሸሽግም። ቢሆንም መተው የሚቻል መሆኑ በተግባር ታየ።

ምናልባት ከአንባብያን መካከል «የተራበ ሰው ባለበት ዓለም ስለ በረዶና ስለ ፔንግዊን መጨነቅ ቅንጦት አይሆንምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የተራበውን መመገብ ይቀድማል፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን በዚህ በረዷማ ምድር የሚፈተነው በየቤታችንና በየመሥሪያ ቤታችን የሚፈተነው ያው ኅሊና ነው። «ዓላማዬ መልካም ነው» ብሎ ጉዳቱን ሳይመዝን የሚሠራ ሰው፣ ድምፅ የሌለው ድኻ ባለበት መንደርም እንዲሁ ያደርጋል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላልና፣ ሳይመረመር የተጀመረ መልካም ሥራ ዘግይቶ ዕዳ ይጠይቃል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ከሳሽ በሌለበት ምድር ሰው አስቀድሞ ራሱን ይጠይቃል፤ መልሱንም ሌሎች ሊያነቡት በሚችሉበት ስፍራ ያኖራል። ግምገማ እውነተኛ የሚሆነው «ይቅር» የሚለው ቃል ከልብ ሊወጣ የሚችል ሲሆን ብቻ ነው። መልሱ አስቀድሞ «ይሠራ» ተብሎ ከተቈረጠ ግን፣ የተጻፈው ሁሉ የኅሊና ምርመራ መሆኑ ቀርቶ የኅሊና ማስተኛ ይሆናል።