ስም ይወረሳልን?

በአገራችን አንድ ወጣት በማያውቁት ሰዎች ፊት ሲቀርብ፣ ከራሱ ሥራ አስቀድሞ የሚጠየቀው የማን ልጅ እንደ ሆነ ነው። አባቱ ስመ ጥር ከሆነ ልጁ ገና ምንም ሳይሠራ ወንበር ይለቀቅለታል። አባቱ ስሙ የጠፋ ከሆነ ደግሞ ልጁ ምንም ሳያጠፋ ፊት ይዞርበታል። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ክብር ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እንደ ርስት ይተላለፋልን?

ይህን ጥያቄ ያስነሣብን አንድ የቡጢ ፊልም ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ጽሑፍ ስለ ቡጢ ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክቱ፣ በምዕራፍ 9፣ ሯጩንና ቡጢኛውን ለመንፈሳዊ ተጋድሎ ምሳሌ አድርጎ ማንሣቱን ያስታውስ።

በ1969 ዓ.ም. የወጣው «ሮኪ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም፣ በፊላዴልፍያ ከተማ የሚኖር አንድ ድኻ ቡጢኛ ከዓለሙ ሻምፒዮን ከአፖሎ ክሪድ ጋር ገጥሞ እስከ መጨረሻው ዙር ጸንቶ መቆሙን ያሳያል። ሲልቬስተር ስታሎን የተጫወተው ይህ ሰው በብዙ አገር ስለ ተወደደ እስከ 1999 ዓ.ም. ድረስ 6 ፊልሞች ወጡለት። በ2008 ዓ.ም. ግን ራያን ኩግለር የተባለው ዳይሬክተር «ክሪድ» በሚለው ፊልም ታሪኩን በአዲስ ጀግና ቀጠለው።

አዲሱ ጀግና አዶኒስ የአፖሎ ልጅ ነው። ይሁን እንጂ ከትዳር ውጭ የተወለደ፣ አባቱ እርሱ ሳይወለድ በቡጢ ግጥሚያ የሞተበት፣ በልጅነቱም በወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ የተጣለ ነበር። ከዚያ አውጥታ ያሳደገችው የአባቱ ሚስት ናት፤ የባሏን በደል በልጁ ላይ አልቈጠረችም። አዶኒስ ሲያድግ የአባቱን ስም ደብቆ በእናቱ ስም ይገጥም ጀመር። ለታላቁ ግጥሚያ የጋበዙት ሰዎች ግን የክሪድን ስም ካልያዝህ አይሆንም አሉት፤ ገበያ የሚያመጣው ስሙ ነበርና። ስሙን ይዞ ገባ፤ እስከ መጨረሻው ዙር ቆሞ በዳኞች ውሳኔ በጥቂት ተሸነፈ። ስሙ ወደ ሜዳው አስገባው እንጂ አንዲት ቡጢ እንኳ አልመከተለትም።

ይህ በሲኒማ የታየ ነው፤ እኛ ግን በእውነት የተፈጸመ ምሳሌ አለን። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ዋዜማ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸነፈ፤ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ደገመው። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን ጉዳት ስለ ነበረበት ሩጫውን አቋረጠ። በዚያው ቀን ማሞ ወልዴ ቀድሞ ገባ። ሁለቱም የክብር ዘበኛ ልጆች፣ ሁለቱም ያንኑ መለያ የለበሱ ነበሩ። ነገር ግን የአበበ ዝና ለማሞ ከ42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር አንዲቱን ሜትር አልቀነሰለትም።

ሌላም አለ። በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ሩጫ፣ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስኅን የተረከዝ ጅማቱን የታመመውን ታላቃቸውን ኃይሌ ገብረ ሥላሴን እየዞሩ ይመለከቱ፣ ፍጥነታቸውንም እየቀነሱ ይጠብቁት ነበር። ሊደርስባቸው እንዳልቻለ ባዩ ጊዜ ግን ሄዱ። አንደኛና ሁለተኛ ሆኑ፤ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። መጠበቃቸው አክብሮት ነበር፤ መሄዳቸውስ ንቀት ነበርን? አይደለም እንላለን። ሁለቱም ቆመው ቢቀሩ ኖሮ ኃይሌ የጀመረው ሥራ በእርሱ ድካም ይቆም ነበርና።

ወደ ቅዱስ መጽሐፍም ብንመለከት ነገሩ ይጸናል። የካህኑ የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስ የአባታቸውን ስምና ሹመት ወረሱ፤ ምግባሩን ግን ስላልያዙ ጠፉ። ከሥጋው ያልተወለደው፣ መብራት እየጠበቀ በቤተ መቅደስ ያደገው ሳሙኤል ግን እውነተኛ ወራሽ ሆነ።

ይህንንም የእኛ አገር የቅኔ ቤት ያውቀዋል። ዲማ ጊዮርጊስን በመሰሉ የጎጃም አድባራት ተማሪው የቅኔውን መንገድ ከመምህሩ ይማራል፤ ቅኔውን ግን ራሱ ቈጥሮ ማቅረብ አለበት። የመምህሩን ቅኔ ቃል በቃል ይዞ ቢመጣ ተቀኘ አይባልም። መምህሩም የተማሪውን ቅኔ ያርማል እንጂ በእርሱ ፈንታ አይቈጥርለትም።

ስለዚህ የሚወረሰው መንገዱ ነው እንጂ ሥራው አይደለም። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ሁለት ገደሎች አሉ። አንዱ በአባት ስም ተጠልሎ ሥራ መፍታት ነው። ሁለተኛው «እኔ ራሴን የፈጠርሁ ነኝ» ብሎ ያሳደገውን መካድ ነው።

ታላላቆቻችንም ድርሻ አለባቸው። በፊልሙ ሽማግሌው ሮኪ ጓንቱን ሰቅሎ ለወጣቱ አሠልጣኝ ሆነለት፤ ሮኪ በካንሰር ታምሞ ሕክምናን እምቢ ባለ ጊዜ ደግሞ እንዲታከም ያበረታው ወጣቱ ነው። በየሰንበት ትምህርት ቤቱም ለዓመታት ከበሮውን የያዙ ወንድሞች፣ መዝሙር የመሩ እኅቶች አሉ። ለታናሹ ከበሮውን ሰጥቶ፣ ሲሳሳት አርሞ፣ ከአጠገቡ መቆም ከመምታት የሚያንስ አገልግሎት አይደለም። ታናሹም ከበሮውን በተቀበለ ጊዜ ያስተማረውን አይርሳ።

ከመካከላችን አባቱን የማያውቅ ወይም በአባቱ ስም የሚያፍር ቢኖር ልቡ አይውደቅ። ወንዱ በ40 ቀን፣ ሴቲቱ በ80 ቀን ስንጠመቅ፣ አንዳች ሳንሠራ የክርስቶስን ስም ለብሰናል። የባለጠጋውም የድኻውም ልጅ ያገኘው ያንኑ ስም ነው። ክርስቲያን መባልን በስጦታ ተቀበልን፤ ክርስቲያን ሆኖ መኖር ግን የየዕለቱ ሥራችን ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።