ስምን የሚከተል ቃል

በጎግል የፍለጋ ሳጥን ውስጥ የአንድ ሰው ወይም ድርጅት ስም መጻፍ ሲጀመር፣ ጽሑፉ ሳያልቅ ከሥሩ የሚዘረዘሩት ቃላት የፍለጋ ጥቆማዎች ናቸው። አገልግሎቱን በ2004 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው ኬቪን ጊብስ የተባለ የኩባንያው መሐንዲስ ነው፤ በ2008 ደግሞ በዋናው ገጽ ላይ ለሁሉም ተዘረጋ። ጥቆማው የሚመነጨው ሰዎች ከዚህ ቀደም ከፈለጉት ነው፤ የፈላጊው ቋንቋና አካባቢ፣ የሰሞኑ መነጋገሪያም ይገቡበታል። ከስም ቀጥሎ «ማጭበርበር» ወይም «እስር» የሚል ቃል ብቅ ቢል፣ ይህን ያለው እገሌ ነው ተብሎ የሚጠራ ሰው የለም። ብዙዎች በየግላቸው ጠይቀውታል፤ ማሽኑ ደምሮ መልሶታል።

ይህ ምን ዓይነት ንግግር ነው? «እገሌ አጭበርባሪ ነው» የሚለው አባባል እውነት ወይም ሐሰት ይሆናል፤ ተናጋሪም አለው። «እገሌ አጭበርባሪ ነው ወይ?» የሚለውም ጠያቂ አለው፣ መልስም ይጠብቃል። ስምና ነውር ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን የተባለ ነገር የለም፤ አንባቢው ራሱ በልቡ ያያይዛቸዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2044፣ በንግግር፣ በጽሑፍ ወይም በሌላ ማናቸውም መንገድ ሰውን የተጠላ፣ የተናቀ ወይም መሳቂያ ማድረግንና በዚህም ክብሩን አደጋ ላይ መጣልን ስም ማጥፋት ይለዋል። በአንቀጽ 2047 ደግሞ ተከሳሹ የተባለው ነገር እውነት መሆኑን ካስረዳ፣ ለመጉዳት ብቻ አስቦ ካልሆነ በቀር፣ ኃላፊነት የለበትም። የመጀመሪያው አንቀጽ ጥቆማን ለማቀፍ ይበቃል። ሁለተኛው ላይ ሲደረስ መንገዱ ይቆረጣል፤ እውነትነቱ የሚመረመር አባባል የለምና።

የጀርመን ፌዴራል ፍርድ ቤት በግንቦት 2013 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ችግር ገጥሞታል። ከሳሾቹ በኢንተርኔት የሚነግድ ኩባንያና መሥራቹ ነበሩ፤ የመሥራቹን ስም «ሳይንቶሎጂ» (አወዛጋቢ የሃይማኖት ድርጅት ነው) እና «ማጭበርበር» የሚሉ ቃላት ይከተሉት ነበር። የሥር ፍርድ ቤቶች በጥቆማው ውስጥ የተነገረ ነገር የለም ብለው ክሱን ውድቅ ቢያደርጉትም፣ የበላዩ ፍርድ ቤት ሁለት ቃላትን ማጎራበት በራሱ ትርጉም ያስተላልፋል ሲል ወሰነ። ጎግል ጥቆማዎችን ሁሉ አስቀድሞ እንዲመረምር አልተገደደም፤ ጥሰቱ ከተነገረው በኋላ ግን ኃላፊነቱ ይጀምራል። ውሳኔው ትክክል ነው። ሆኖም የሚያስቆመው ቃሉን እንጂ ቃሉን የወለደውን ጥርጣሬ አይደለም።

ጥርጣሬን ከብዙ ሰው መሰብሰብ ኮምፒውተር ያመጣው ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን በጎጃምም በሌሎች አውራጃዎችም ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ አገሬው ለአውጫጭኝ ይጠራ ነበር፤ አፈርሳታም ይባላል። የቀረ ይቀጣል፤ የመጣ የሚያውቀውንና የሚጠረጥረውን ያወጣል፤ ጥቆማው የአንድ ሰው መሆኑ ቀርቶ የአገር ይሆናል። ሥርዓቱ ጭካኔ ነበረበት። ወንጀለኛው ካልተገኘ ካሳው ለነዋሪው ሁሉ ይተርፋል፤ ቂመኛም ቂሙን ሊወጣበት ይችላል። ነገር ግን ጥርጣሬው ማብቂያ ነበረው። ስሙ የተነሣው ሰው እዚያው አገር ፊት ይቆማል፣ ይጠየቃል፣ ይምላል፣ ዋስ ይጠራል፤ ነጻ ከወጣ ነጻነቱን የሚሰማው ስሙ ሲነሣ የሰማው ያው ሕዝብ ነው። የፍለጋ ጥቆማ ከአውጫጭኝ የወሰደው ግማሹን፣ ጥርጣሬ መሰብሰቡን ብቻ ነው። መስማቱን ትቶታል። ቃሉን አይቶ በጉጉት የነካው ሁሉ ደግሞ አንድ ድምፅ ይጨምርበታል።

እንግዲህ አሉታዊ ጥቆማን ማስተዳደር፣ በትክክል ሲታሰብ፣ ለጥርጣሬው የሚሰማበት ቦታ መፈለግ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስም ለዚህ ምስክር ይሆናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ ወዲህ «አደጋ» የሚለው ቃል ከአየር መንገዱ ስም ጋር ቢፈለግ ማንም ሊቆጣ አይገባም፤ ሐዘንተኛውም ተሳፋሪውም የመጠየቅ መብት አላቸው። ጥቆማው የማይናገረው ግን አለ። ከዚያ አደጋ አራት ወር ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ ያው ዓይነት አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር፤ በሁለቱም አደጋዎች ከተሳሳተ የዳሳሽ መረጃ ተነሥቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች የሚደፋው የቦይንግ ሥርዓት ነበር። የዚህ ጥቆማ መድኃኒት ቃሉን ማጥፋት አይደለም። የምርመራው ውጤት፣ ቃሉን ተከትሎ የሚመጣ ሰው በቀላሉ በሚያገኘው ቦታና በሚገባው ቋንቋ መቀመጥ አለበት።

መደመጥ የማይገባው ጥርጣሬም አለ። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው ለዘመናት «ቡዳ» እየተባሉ ኖረዋል፤ በሌላ አገር ሰው አፍ ደግሞ ጎጃሜነት ራሱ ከዚሁ ቃል ጋር ሲያያዝ ይሰማል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያስነግሩም ቃሉ አልጠፋም። ይህን ጥርጣሬ ችሎት ማቅረብ አይቻልም፤ የሚጠቅሰው አንዳች ድርጊት ስለሌለ ማስተባበያም ሊኖረው አይችልም። ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ አለመሆንሽን አስረጂ» ማለት በደሉን መድገም ነው። ስለዚህ ሰው ባደረገው ነገር የሚነሣን ጥቆማ ማሟላት፣ በሆነው ነገር የሚነሣን ማስወገድ ያስፈልጋል። የጎግል ደንብም ጥላቻ አዘልና ግለሰብን የሚያዋርዱ ጥቆማዎች እንዲነሡ ይፈቅዳል፤ ተጠቃሚው ከጥቆማዎቹ ሥር ባለው የማመልከቻ ማገናኛ ሊያመለክት ይችላል።

በገበያው ላይ ሌላም መንገድ ይሸጣል። ሰዎች ተቀጥረው ስሙን ከበጎ ቃል ጋር ደጋግመው እንዲፈልጉ ይደረጋል። ይህ የሐሰት ምስክር መግዛት ነው፤ የኩባንያውን ደንብ ከመጣሱም በላይ ቅጥረኞቹ ሲያቆሙ የቀድሞው ቃል ይመለሳል። በወምበርማዋ ሽንዲ በርበሬ እያስፈጨ ለአዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ፣ ምርቱ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል የሚል ወሬ ስሙን ቢከተለው፣ የሚያዋጣው በርበሬውን አስመርምሮ ውጤቱን ከነቀኑ በድርጅቱ ስም ማውጣት ነው። ወሬው እውነት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚታረመው ወፍጮ ቤቱ ነው፤ ለገዢው የሚያስፈልገው ማስጠንቀቂያ እንዲጠፋ የመጠየቅ መብት የለውም።

ከሁሉ የሚከፋው የሞክሼ ችግር ነው። ኢትዮጵያዊ የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም ስለሌለ አንዱን የስም ጥንድ ብዙ ሰው ይጋራዋል። በአዲስ አበባ የተከሰሰ ሰው ዜና በፍኖተ ሰላም የሚያስተምረውን ሞክሼውን ሊከተለው ይችላል። መምህሩ ምንም አላደረገም፤ ዜናውም ሐሰት አይደለም። የማሟላት መንገድ የአያትን ስም፣ ሙያንና ቦታን አክሎ ራስን ለይቶ ማስመዝገብ ነው፤ ጋዜጠኛም የተከሳሽን ስም ሲጽፍ እስከ አያት መጻፍ ይገባዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የተሳሳተ የግል መረጃ እንዲታረም የመጠየቅ መብት ይሰጣል። በሞክሼው ጉዳይ ግን እያንዳንዱ መረጃ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው፤ ስሕተቱ ያለው በመጣመራቸው ነው። ስለዚህ የማረም መብት መረጃውን ብቻ ሳይሆን መረጃው ከማን ጋር እንደተያያዘም መሸፈን ይኖርበታል።