«ተመልሰን እንመጣለን» ስለሚባለው ቃል

ሰው በአፉ ከሚያወጣቸው ሐሰቶች መካከል ዳኛ የማይቀጣው፥ ጎረቤት የማያማው፥ ተናጋሪውም ራሱ በኑዛዜ ጊዜ የማያስበው አንድ ሐሰት አለ፤ ይኸውም ከጨዋነት የሚቈጠረው ሐሰት ነው። ስርቆትን ሰው ሁሉ ያወግዘዋል፤ በሐሰት መመስከርንም ሕግ ይከለክለዋል። ነገር ግን ሊገዛው የማይችለውን ዕቃ አገላብጦ አይቶ፥ ዋጋውን ጠይቆ፥ ሻጩንም አድክሞ «ተመልሰን እንመጣለን» ብሎ የሚወጣውን ሰው ማን ይከሰዋል? እንዲህ ያለው ቃል ሐሰት ነውን ወይስ ጨዋታ? ጨዋታስ ከሐሰት የሚለየው በምንድር ነው? ጥያቄው ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጆች የቃልን ክብደት የሚማሩት ከእንደዚህ ያለው ትንሽ ነገር ስለ ሆነ ትንሽ አይደለም።

ለምሳሌ የሚሆን አንድ ቤተ ሰብ ይታሰብ። በአዲስ አበባ፥ በልደታ ሰፈር፥ በመሥሪያ ቤት ደመወዝ የሚኖር አንድ ሰው ከሚስቱ፥ ከአረጋዊት እናቱና ከአንዲት ሴት ልጁ ጋራ ይኖራል። ልጂቱ ዐሥር ዓመት የሚሞላት ቀን በእሑድ ዋለና አባት ቤተ ሰቡን ይዞ ወጥቶ፥ ሙዚቃና ጭፈራ ባለበት የባህል ምግብ ቤት እራት ሊያበላቸው አሰበ።

በቀድሞ ዘመን ሕፃን የተወለደበት ቀን በየዓመቱ በድግስ አይከበርም ነበር፤ የሚታሰበው ክርስትና የተነሣበት ቀን ነው። በአደባባይ የሚከበረው ልደት የንጉሥ ልደት ነበር፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የልደት ቀን ሐምሌ 16 በመላው አገር በዓል ሆኖ ይውል እንደ ነበር ሽማግሎች ያስታውሳሉ። ዛሬ ግን የከተማ ልጅ ሁሉ በዓመት አንድ ቀን ንጉሥ ይሆናል። በዚህ የሚቈጣ ሰው ቢኖር፥ ሰፈሩ ራሱ በልደት ስም እንደ ተጠራ ያስብ። በግንቦት 1 ቀን፥ በእመቤታችን ልደት፥ ጎረቤት ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ በደጅ ንፍሮ ይቀቅላል፤ ያለውም የሌለውም ከአንድ ዕቃ ይዘግናል። እንግዲህ በልደት ቀን መደሰት ለሰፈሩ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጥያቄው ደስታው በምን ይሠራል የሚለው ነው።

ቤተ ሰቡ በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የከተማ ባቡር ከልደታ ተሳፍሮ ወደ ለገሃር ወረደ። ለእራት ጊዜው ገና ስለ ነበረ በእግር ሲዘዋወሩ ከአንድ የአውቶሞቢል መሸጫ ደረሱ። ከመስተዋቱ ወዲያ አንድ ነጭ አውቶሞቢል ቆሞ ያበራል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ለመሸጥ የሚገባው አዲስ የግል አውቶሞቢል በኤሌክትሪክ የሚነዳ ሆነ፤ ልጂቱም ጭስ የሌለውን አውቶሞቢል በቅርብ አይታ አታውቅም ነበር። «አባዬ፥ እንግባ» አለችው፤ ገቡ።

ሻጩ ወጣት ነው። ፈገግ ብሎ ተቀበላቸው፤ በሩን ከፈተላቸው፤ አረጋዊቱንም ደግፎ «እማማ፥ ይግቡ፥ ይቀመጡ» አላቸው። ባትሪው በምን ያህል ጊዜ እንደሚሞላ፥ አንድ ጊዜ ሞልቶ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ሁሉን አስረዳ። አባትም እንደሚገዛ ሰው ሆኖ ጠየቀ፤ መሪውን ጨበጠ፤ ስለ ቀለሙ ተከራከረ፤ ከሚስቱም ጋራ ስለ ባንክ ብድር ተማከረ። ዋጋው በተነገረው ጊዜ የብዙ ዓመት ደመወዙ እንደማይበቃው ዐወቀ፤ ነገር ግን ፊቱ አልተለወጠም። «መልካም ነው፤ በሚመጣው ሳምንት ተመልሰን እንመጣለን» አለ። ሻጩም ስሙንና የስልኩን ቍጥር መዝግቦ እስከ በር ድረስ ሸኛቸው።

በዚህ ታሪክ የሚወቀሰው አውቶሞቢሉ ነው የሚል ሰው ይሳሳታል። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ መንገድ ያልተሠራለትን በረሓና ተራራ አቋርጦ ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ ሳይመጣ በፊት፥ ለሰው መታያ የምትሆን በቅሎ ነበረች። ባለጸጋ በቅሎውን ባማረ ኮርቻ ጭኖ፥ አሽከር አስከትሎ ይሄድ ነበር፤ ድኻውም ለሠርግ ቀን በቅሎ ተውሶ ባለጸጋ ይመስል ነበር። ለሠርግና ለተዝካር ሲል መሬቱን በዕዳ ያሲያዘ ሰው ታሪኩ በየአገሩ ይነገራል። «በሰው ወርቅ አይደምቁ» የሚለው ምሳሌም የተነገረው የአውቶሞቢል መሸጫ ከመከፈቱ በፊት ነው። ስለዚህ ነገሩ ከመንኰራኵሩ ሳይሆን ከልብ ነው።

ወደ ምግብ ቤቱ በገቡ ጊዜ እራቱ በመሶብ ቀረበ፤ ጭፈራውም ተጀመረ። ከዚያ በኋላ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በየማዕዱ እየዞረ እንግዶችን ያወድስ ጀመር። ወደ ልጂቱ በደረሰ ጊዜ ዛሬ ምን እንዳየች ጠየቃት፤ እርስዋም በደስታ ስለ ነጩ አውቶሞቢል ነገረችው። አዝማሪም እንደ ልማዱ ያንኑ ቃል ተቀብሎ አባትየውን ባለ አውቶሞቢል አድርጎ አወደሰው። ቤቱ ሁሉ አጨበጨበ፤ ከሌላው ማዕድም ሰዎች እየዞሩ ተመለከቱት። አባትም ተነሥቶ 200 ብር በአዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈ። አረጋዊቱ እናቱ ግን ዐንገታቸውን ደፍተው እንጀራቸውን ቈረሱ።

እንግዲህ ያ ሰው በዚያች 200 ብር የገዛው ምንድር ነው? የአዝማሪውን ጥበብ ነው ቢባል፥ ጥበቡ ዋጋ ይገባዋል። ነገር ግን በልቡ የገዛው ቀን በሚሊዮን ሊገዛው ያልቻለውን አውቶሞቢል ነበር፤ ጭብጨባው እስኪያልቅ ድረስም ባለቤቱ ሆነ።

ማዕድና ተውኔት በአንድ ቤት መገናኘታቸው በአዲስ አበባ አዲስ ነገር አይደለም። በአማርኛ የመጀመሪያው ቴአትር፥ በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት የአውሬዎች ኮሜዲያ፥ ለመኳንንቱ የታየው በሆቴል ውስጥ ነበር። በተውኔቱ የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው፤ ተመልካቾቹ ግን አውሬዎቹን አይተው የሹማምንቱን ጠባይ ስላወቁባቸው ቴአትሩ ብዙ ሳይቆይ ተከለከለ። ለሳቅ የመጣው ሰው በራሱ ላይ ሲፈረድ ሰማ ማለት ነው።

በ1948 ዓ.ም.፥ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛው ዓመት ሲከበር፥ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ቤት ተከፈተ። ያ ቤተ ሰብ በዚያች እሑድ ያለፈው በዚሁ ቤት ፊት፥ የድንጋዩ አንበሳ ካለበት ስፍራ አጠገብ ነበር። ቤቱ ሲመረቅ የታየው የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ድርሰት ዳዊትና ኦርዮን ነው። ታሪኩን ከመጽሐፈ ሳሙኤል የማያውቅ የለም። ንጉሥ ዳዊት ከሰገነቱ ላይ ሆኖ የሌላ ሰው የሆነችውን አየ፤ አይቶም አልተመለሰም፤ በመጨረሻም ኦርዮንን አስገደለ። ከዚያም ነቢዩ ናታን ወደ እርሱ ገብቶ የአንድ ባለጸጋንና አንዲት በግ ብቻ ያለችውን ድኻ ታሪክ አወራለት። ዳዊት ተረቱን እንደ ተመልካች ሰምቶ በባለጸጋው ላይ ፈረደ፤ ፍርዱ ግን በራሱ ላይ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ዓይነት ማየት አለ። በሰገነቱ ላይ የሆነው ማየት ሰውን ከራሱ አውጥቶ ወደ ሌላው ሰው ንብረት ይወስደዋል። በናታን ተረት የሆነው ማየት ደግሞ ሰውን ከሌላው ሰው ታሪክ አንሥቶ ወደ ራሱ ይመልሰዋል። መልካም ቴአትር የሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ስለዚህም ለልጅ ልደት የሚገባ ስጦታ ነው። በመሸጫው የሆነው ግን ከሁለቱም የተለየ ነበር፤ አባት ተመልካች መስሎ ገብቶ ተዋናይ ሆኖ ወጣ፤ መጋረጃ ግን አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ሰው ሊቃወም ይችላል። «ነጋዴው ዕቃውን በመስተዋት ውስጥ ያቆመው እንዲታይ አይደለምን? ዋጋ ማወቅስ ጥበብ አይደለምን? ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ይቈጥር ዘንድ በወንጌል ተመክሮ የለምን? ደግሞም ‹ተመልሰን እንመጣለን› የሚለው ቃል ሻጩም ሰሚውም የሚያውቁት የትሕትና ቃል ነው፤ ‹እንብላ› እንደ ማለት ነው። የሚበላ ሰው ላለፈው ሁሉ ‹እንብላ› ይላል፤ ያም ‹ይባረክ› ብሎ ያልፋል፤ በዚህ ማንም ሐሰተኛ አይባልም» ይላል።

ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ የነገሩም መፍቻ በውስጡ ይገኛል። ማየትና ዋጋ መጠየቅ በደል አይደለም። «እንብላ» የሚለውም ቃል ሐሰት አይደለም፤ ምክንያቱም አላፊው «እሺ» ብሎ ቢቀመጥ ባለ ማዕዱ እጅ ያስታጥበዋል፥ ያጐርሰውማል። እንጀራው ጥቂት ቢሆንም ይካፈለዋል እንጂ «ለወጉ ነው ያልሁህ» አይለውም። ስለዚህ የትሕትና ቃል እውነት የሚሆነው ተናጋሪው በቃሉ ቢያዝ የሚፈጽመው ሲሆን ነው። «ተመልሰን እንመጣለን» ያለው ሰው ግን በቃሉ ቢያዝ ያፍራል፤ ሻጩ በስልክ ቢጠራው አያነሣም። ወጣቱ ሻጭ የለመደው ነገር ነው ቢባል እንኳ፥ በደልን መልመድ በደሉን አያጠፋውም፤ ደግሞ ቍጥሩን የመዘገበው ተስፋ አድርጎ እንደ ሆነ ማን ያውቃል?

ጨዋታም ከሐሰት የሚለየው በዚሁ መንገድ ነው። ጨዋታ የሚሆነው በአንድነት የተቀመጡት ሁሉ ጨዋታ መሆኑን ሲያውቁ ነው። በቴአትር ቤት ንጉሥ ሆኖ የሚጫወተው ሰው ማንንም አላታለለም፤ መድረኩ ራሱ ይመሰክርለታል። አዝማሪም ሲያወድስ አብዝቶ እንዲያወድስ ሰው ሁሉ ያውቃል። በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ስንኳ ነገሩን እውነት ብሎ ከተቀበለ ግን፥ ለዚያ ሰው ጨዋታው ሐሰት ሆነበት። በዚያች ሌሊት እውነት ብላ የተቀበለች አንዲት ነፍስ ነበረች፤ እርስዋም ልደትዋ የተከበረላት ልጅ ናት።

ወደ ልደታ ሲመለሱ ልጂቱ አባትዋን «አባዬ፥ አውቶሞቢሉ በሚመጣው ሳምንት ይመጣል?» ብላ ጠየቀችው። አባት ጥቂት ዝም ብሎ «አይ ልጄ፤ እኛ ገንዘብ የለንም፤ ለማየት ብቻ ነው የገባነው» አላት። ልጂቱ አላለቀሰችም፤ ነገር ግን «ታዲያ ለዚያ ሰውዬ ለምን ተመልሰን እንመጣለን አልኸው?» አለችው። አባት መልስ አጣ። ያን ጊዜ አረጋዊቱ «ልጄ፥ ንፍሮ ባበላናት ይሻል ነበር ብዬ አልፈርድብህም፤ እራቱም ጭፈራውም መልካም ነበር። ነገር ግን ልጅ የምትወርሰው አውቶሞቢልህን አይደለም፥ አፍህን ነው» አሉት።

እነሆ ሊፈርስ የቀረበው ነገር ይህ ነበር። ልጅ አባቱ ድኻ መሆኑን ቢያውቅ አይጐዳም፤ ከድኻ ቤት ብዙ ደጋግ ሰዎች ወጥተዋል። ልጅ የሚጐዳው የአባቱ ቃል ለሰው ፊት አንድ፥ ለቤት ሌላ መሆኑን ባወቀ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ አባት «ሐሰት አትናገሪ» ቢላት በልብዋ ትስቃለች።

ያ ሰው በሚመጣው ሳምንት ልጁን ይዞ ወደ መሸጫው ተመለሰ። ለወጣቱም «ባለፈው እሑድ የጠየቅሁህን አውቶሞቢል መግዛት አልችልም፤ ያን ጊዜም አልችልም ነበር፤ አድክሜሃለሁና ይቅርታ አድርግልኝ፤ ስሜንም ከመዝገብህ ሰርዘው» አለው። ወጣቱ ደነገጠ፤ ቀጥሎም ሳቀና ስሙን ሰረዘ። ለልጂቱም የአውቶሞቢሉ ሥዕል ያለበትን ወረቀት ሰጣት። ጉዳዩ ከአምስት ደቂቃ አልበለጠም፤ ሁለት ነገር ግን ተፈጸመበት፤ «ተመልሰን እንመጣለን» የሚለው ቃል እውነት ሆነ፤ ልጂቱም የልደትዋን ስጦታ በዘገየ ቀን ተቀበለች።

ስለዚህ በበዓል ቀን ወጥቶ መብላት፥ ጭፈራ ማየት፥ የሚያምረውን ነገር ቆሞ ማድነቅ የሚነቀፍ አይደለም። ሻጭም ወደሚሸጥበት ቤት ገብቶ «የመጣነው ለማየት ብቻ ነው» ማለት ይቻላል፤ አብዛኛው ሻጭ በዚህ አያባርርም፥ ቢያባርርም የሚጐድል ነገር የለም። ዓይን ብዙ ሊያይ ተፈቅዶለታል፤ አፍ ግን ሊከፍለው የሚችለውን ብቻ ይናገር። ግንቦት 1 ቀን በልደታ ደጅ ንፍሮ የሚዘግነው ጎረቤት ከሌላው ጎረቤት ተሽሎ ለመታየት አይዘግንም፤ ደስታውም ያለ ዕዳ የሆነው ስለዚህ ነው።